«ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ምን ይሠራል?»

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ከምትኖር ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። «ከምትኖር» ማለቴ ለጽሑፍ እንዲመቸኝ ነው እንጂ፣ እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ስለሆኑ ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሁለተኛውን ሲኒ ቀድተው ከሰጡኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ እዚያ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት አይደል የምትሠሪው? እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ምን ይሠራል?»

ልጃቸው ሶፍትዌር ኢንጂነር ነው። እሳቸው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውኃ ሊጠጡ ሲነሱ በክፍሉ በር ሥር ብርሃን ያያሉ። አንዳንዴ ብቻውን በእንግሊዝኛ ሲያወራና ሲስቅ ይሰማቸዋል። የኳስ ውርርድ ይሆን ብለው ፈርተው ነበር። ውርርድ እንዳልሆነ፣ አሜሪካ ካለ ደንበኛ ጋር ስብሰባ ላይ መሆኑን ስነግራቸው እፎይ አሉ። ቀጥሎ ግን የከበደውን ጥያቄ አመጡ። ልጁ አሁን ያለበትን ትልቅ ድርጅት ለቆ፣ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ አገር ኩባንያ ሊሠራ አስቧል። ክፍያው በዶላር ነው። «ቋሚ ነው ወይ?» ሲሉት ይስቃል። ይልቀቅ ወይስ ይቆይ?

እኔ ኮድ አልጽፍም። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። ሌሎች የሠሩትን ሶፍትዌር ለደንበኛ እሸጣለሁ። ስለዚህ ጎረቤቴን «ጠይቄ እመጣለሁ» ብዬ ተሰናበትኩ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ባልደረቦቼን፣ ከእኛ ወደ ሌላ ድርጅት የሄዱትን፣ ጠዋት ከላምበረት ወደ መገናኛ በታክሲ አብረውኝ የሚሳፈሩትን ሳይቀር ጠየቅኩ፦ ምኑን ትወዱታላችሁ? ምኑን ትጠሉታላችሁ? በእርስዎም ቤት በሩ ሥር ብርሃን የሚታይበት ልጅ፣ ባል ወይም እህት ካለ የሰማሁትን ልንገርዎ።

በመጀመሪያ «ትልቅ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ 228 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። እኛ ጋ መቶ ሁለት መቶ ሰው ያለው ድርጅት ትልቅ ይባላል። ዘርፉ ራሱ ወጣት ነው። የሶፊያን ሮቦት ሶፍትዌር በመሥራት የተሳተፈው አይኮግ ላብስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ገበያ ደግሞ በ2016። ክፍያ ፋይናንሺያል ቴክኖሎጂን የመሳሰሉም አሉ። ከዚያ ውጭ ብዙ ፕሮግራመር የሚሠራው ሶፍትዌር ድርጅት በማይባሉ ቤቶች፣ ማለትም በባንኮች፣ በኢትዮ ቴሌኮምና በሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ከሚወዱት ልጀምር። ደመወዝ ቀድሞ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኖ ነው የመጣው። ቀድሞ የመጣው አጠራሩ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁን «አንተ» ይሉታል። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ አንድ ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ወር አለቃውን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጨንቆት በዝምታ እንዳሳለፈ ሲነግረኝ ሳቅን። አሁን በስብሰባ ላይ «ይሄ ሐሳብህ አይሠራም» ይለዋል፣ አለቃውም «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። የሥራ ልምዱ ስንት ዓመት ነው ሳይሆን የጻፍከው ይሠራል ወይ የሚል ጥያቄ የሚቀድምበት ቤት ለወጣት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

መማሩንም ይወዱታል። በደንብ በተደራጀ ድርጅት ውስጥ አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አንብቦ ካላለፈው ወደ ዋናው ሥራ አይገባም። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ የጻፉት ሁሉ በሰው ፊት በቀይ ይታረማል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲ ካስተማራቸው የበለጠ እንዳወቁ ብዙዎቹ ይነግሩዎታል። ፈተናቸውን ኮድ በወረቀት ላይ እየጻፉ ላለፉ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ግን የአገር ቤት ሶፍትዌር ስለመሥራት ያሉት ነው። የውጭው ሲስተም 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ፎርሙን መሙላት ያቅተዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ብለው የያዙት የሐኪም ቀጠሮ ሲስተሙ ውስጥ ሌሊት 8 ሰዓት ሆኖ ይገባል። ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስቱም የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ስለሚመጡ ሲስተሙ ቤተሰብ መሆናቸውን አያምንም። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው እዚህ የተወለደ፣ ጳጉሜን ዝናብ የታጠበ ልጅ ነው። አንዷ የሠራችው የክፍያ ገጽ አያቷ ደጅ ያለ ሱቅ ሲደርስ ባለሱቁ ሲጠቀምበት ቆማ እንዳየች፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ማለት አፍራ ሳሙና ብቻ ገዝታ እንደተመለሰች አጫወተችኝ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ እናቶቻችን በስልክ መክፈል ከለመዱ በኋላ የእነዚህ ልጆች ሥራ ከኩሽናችን ገብቷል።

ምግብም አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1999 ገና ትንሽ ድርጅት ሳለ ነው ቻርሊ አየርስ የሚባል ሼፍ የቀጠረው፤ ከዚያ ወዲህ ነፃ ምሳ የሶፍትዌር ድርጅት መለያ ሆነ። እኛም ጋ ምሳ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ነው፣ ማኪያቶውም አይከፋም። አንድ የቆየ ባልደረባዬ ግን ሽሮውን እየቆረሰ፣ ራት ማቅረብ የጀመሩ ቀን ወደ ቤት የመሄጃ ሰዓት እንዳለቀ ዕወቂ አለኝ።

ወደሚጠሉት ስንመጣ፣ ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እኔ በግሌ ሳልሆን የእኔ ክፍል። ማርኬቲንግና ሽያጭ ሄዶ ለደንበኛ ቀን ይቆርጣል፣ ከዚያ የሚሠራው ሰው ቀኑን ከእኛ ይሰማል። ይህን ሲነግሩኝ የሚያፍር አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ ያፈርኩት። ምክንያቱን ልንገርዎ።

ዓምና አንድ ደንበኛ ቢሮ ተቀምጠን ሳለ፣ ሪፖርቱ በኢትዮጵያም በፈረንጅም ቀን አቆጣጠር እንዲወጣ ፈለጉ። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ሲሉኝ «ሁለት ሳምንት» አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ለኔ ቀን መቀየር ማለት አንድ ቁልፍ መጫን ነበር። ሥራው የደረሰው ልጅ የወለደችለት ሳምንታት ብቻ ያለፉ አንድ ባልደረባችን ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ሦስቱን ቀን ተጠቅሞ በአራተኛው ተመልሷል። የልጁ ክርስትና በአርባ ቀኑ እሑድ ጠዋት ነበር፣ እኛም ተጠርተን ሄድን። ሕፃኑ ሲጠመቅ አባትየው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ መኪና ውስጥ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሰኞ የቆረጥኩት ቀን ነው። ቤታቸው ሄደን ዶሮውን በላሁ፤ ሚስቱ እንጀራ ስትጨምርልኝ ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ማንም ወቅሶኝ አያውቅም። ድርጅቱም ሥራው በሰዓቱ ስላለቀ አመሰገነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቀን ከመቁረጤ በፊት እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ደንበኛ ይሄድብኛል።

ሌሊቱስ ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የሰዓት ልዩነት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው ቢሮው ገብቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቡናውን ሲያነሳ እዚህ እንደ ወቅቱ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያንቀሳቅሱ የእርስዎ ራት ሰዓትም አብሮ ይንቀሳቀሳል። የእሱ የሥራ ቀን ሲያልቅ እዚህ ሊነጋጋ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጥንቃቄ ነው፤ ሰው የሚጠቀምበት ሲስተም ላይ ለውጥ የሚደረገው ሰው ሲተኛ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ያስታውሱታል። በአንድ ሌሊት ሰዎች፣ አብዛኞቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም፤ ባንኩ የጠቀሰው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑንም ገልጿል። እኛ በማግስቱ ስለ ተማሪዎቹ ቀለድን። የሶፍትዌር ሰዎች ግን ያን ሌሊት ተረኛ የነበረውን ሰው ነው ያሰቡት። ይህን የነገረኝ ልጅ ቀልዱ ላይ ያልሳቀ ብቸኛው የቢሯችን ሰው ነበር።

ሲሠራ ማንም የማያነሳው፣ ሲበላሽ ሁሉም የሚደውልበት ሥራ መሆኑንም ይጠሉታል። በዓልን በተመለከተ ደግሞ ለማስረዳት ይታክታሉ። ለውጭ ደንበኛ ታኅሣሥ 29 ተራ የሥራ ቀን ነው፤ የራሱን ገና ከሁለት ሳምንት በፊት አክብሮ ጨርሷል። የእኛ ልጅ ቅርጫ ሥጋው እየተከፈለ ስብሰባ ይገባል። ሕጉ በበዓል ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱን ደመወዝ ሁለት ጊዜ ተኩል ይከፈል ይላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓትም 1 ነጥብ 75 እጥፍ። ከጠየቅኋቸው መካከል ይህን ቁጥር የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አስከፍለው የሚያውቁት ከዚያም ያንሳሉ። «ላፕቶፕ ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት ይቆጠራል እንዴ?» ያለኝም አለ። ይቆጠራል፤ አዋጁ ስለ ሰዓት እንጂ ስለ መሣሪያ አያወራም። በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት መብለጥ የለበትም ብሎ ጣራም አስቀምጧል።

መብራትና ኢንተርኔት ላይ አላቆይዎትም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱን ብቻ ላንሳ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ የውጭ ደንበኛ ለያዘ ድርጅት ይቅርታ ብሎ መጻፊያ መንገድ እንኳ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበሩት ዛሬም ሁለት ሲም ካርድና አንድ ቦርሳ ሙሉ ቻርጀር ይዘው ነው የሚዞሩት።

«እንግዲያው ውጭ ቢሄድስ?» ይሉኝ ይሆናል። ብዙ ወጣቶች የሚያልሙት ይህንኑ ነው፤ ኤቱኤስቪ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንን ለእነ ጉግል ፈተና እያዘጋጀ በሩን ለበርካቶች ከፍቷል። እዚያም ግን የሚወደውና የሚጠላው ዓይነቱ ይለያይ እንጂ አለ። ማይክሮሶፍት እስከ 2013 ድረስ አለቆች ሠራተኞቻቸውን በደረጃ እንዲደረድሩ ያስገድድ ነበር፤ ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ አንዱ የግድ ታች መግባት ነበረበት። ሠራተኞቹ አጥብቀው ይጠሉት ስለነበር ቀረ። በጥር 2023 ደግሞ ጉግል 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ ሰው እንደሚቀንሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስታወቁ። ነፃ ምሳው ያኔም ነበር።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩም ለዚህ ትታወሳለች። በአፕልና በማይክሮሶፍት አልፋ እ.ኤ.አ. በ2018 ጉግል ገባች፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰዎች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚያጠናውን ቡድን ከሌላ ባልደረባዋ ጋር መራች። በታኅሣሥ 2020 ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ ከሌሎች ጋር በጻፈችው ጥናት ሰበብ ከኩባንያው ጋር ተለያየች። እሷ አባረሩኝ አለች፣ ጉግል ራሷ ለቀቀች አለ። ከ2 ሺህ በላይ የኩባንያው ሠራተኞች ደግፈዋት ፈረሙ። በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች። ያንን ያህል ደመወዝና ክብር ባለበት ቤትም «ይሄ ሐሳብ አይሠራም» ማለት እስከ የት ድረስ እንደሚፈቀድ ወሰን አለው።

ለጎረቤቴ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበውን ታሪክ ያገኘሁት ግን ከማይክሮሶፍት የድሮ ጉዳይ ነው። ኩባንያው በ1980ዎቹና በ90ዎቹ (በፈረንጆቹ) ለዓመታት አብረውት የሠሩ ሰዎችን «የውጭ ተዋዋይ» እያለ ይዞ ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሥራ ይሠራሉ፣ የደረት ባጃቸው ቀለም ግን ይለያያል፤ የአንዱ ባለ ጥቅማጥቅም፣ የሌላው ባዶ። ተዋዋዮቹ ከሰሱ፣ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ በ2000 ኩባንያው 97 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ዛሬ ላምበረት ቁጭ ብሎ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ የሌላው ቀለም ባጅ ባለቤት ነው። እዚህ በሕጉ የተቀጠረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት አለው። ጡረታ 7 በመቶ ከእሱ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይገባለታል። ሴት ከሆነች 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 በኋላ። ተዋዋዩ ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈለት አንዱም የለውም፣ ግብሩንም ራሱ ነው የሚያስበው። በሌላ በኩል ዶላሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በብር የሚከፈላቸው ልጆች ያን ክረምት ስሌት ሲሠሩ ከረሙ፤ በዶላር የሚከፈለው ጓደኛቸው ምንም ሳይሠራ ደመወዙ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው። ይህን ያየ ልጅ «ቋሚ ነው ወይ?» ሲባል ቢስቅ አልፈርድበትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ቤት ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ልጁም ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የክርስትናውንም ጭምር፣ የኔን ጥፋት ሳልደብቅ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና ስልኩን አውጥቶ ውሉን አሳየን። ሁለት ገጽ ተኩል ነው። እኔ እያነበብኩ፣ እሱ ለእናቱ በአማርኛ እየመለሰ ጨረስነው። ሰለ ዕረፍት ምንም የለውም። ስለ ሰዓት «እንደ ሥራው ፀባይ» ይላል። ኩባንያው ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ማስታወቂያ ሊያሰናብተው ይችላል።

እዚያው ተቀምጠን ኢሜይል ጻፈ። የጠየቀው አራት ነገር ነው፦ በዓመት ስንት ቀን ተከፍሎኝ አርፋለሁ? ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የመጥሪያ ተራ አለብኝ ወይ፣ ካለብኝስ በሳምንት ስንት ቀን? የ14 ቀኑ ማስታወቂያ 30 ቢሆንስ? ኢንተርኔት ከአቅሜ በላይ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? እናቱ አምስተኛ እንዲጨምር ፈለጉ፦ «ለገናና ለጥምቀት አትደውሉብኝ በላቸው።» ሳቀ፣ ግን ጨመረው።

መልሱ ማክሰኞ መጣ። 15 ቀን ዕረፍት ፈቀዱለት። ለሁለቱ በዓላትም ተስማሙ፤ እንዲያውም ቀኖቹን ካሌንደራቸው ላይ እንዲያስገባላቸው ጠየቁት። የሌሊት ተራ በወር አንድ ሳምንት ይሆናል። ማስታወቂያው 14 ቀን እንዳለ ይቆያል። ስለ ኢንተርኔቱ ምንም አላሉም።

ይህን ስጽፍ ገና አልፈረመም፤ የሰጡት ቀን የፊታችን ዓርብ ያበቃል። አለቃው ደግሞ ነገሩን ሰምቶ ደመወዝ ጨምርልሃለሁ ብሎታል። እናቱ ሐሳባቸው ወደ መሄዱ ያዘነብላል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ግን፦ ጡረታ ከሌለው ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ የሳቸው ዕቁብ ውስጥ ይግባ። ዕጣው የሚወጣው እሑድ ቡና ላይ ነው፣ እሱ ራሱ ተገኝቶ መክፈል አለበት። ላፕቶፕ ይዞ መምጣት አይቻልም ብለዋል።